ዳግማዊት ለፈተና የወጣችበት ክረምት

ዳግማዊት ከፋለ ፈሪ የምትባል ልጅ አልነበረችም። ከብልባላ ማዶ ካለው መንደራቸው ተነሥታ፣ ስንቋን በጀርባዋ አዝላ እስከ ላሊበላ ስትመላለስ ወንዝ ሞላ፣ ውሻ ጮኸ ብላ ተመልሳ አታውቅም። ፍርሃት የያዛት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከገባች በኋላ ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ።

መምህሩ ስለ ደም ዝውውር እያስረዱ ነበር። ሰሌዳው ላይ ልብ ስለው፣ ደም የሚገባበትንና የሚወጣበትን በቀስት እያመለከቱ ሳለ ከከተማው ታችኛው በኩል አንድ ጥይት ጮኸ። የሆነ ልጅ «ጎማ ነው፣ ጎማ ፈንድቶ ነው» አለ። ሁለተኛው ሲደገም ግን ጎማ ያለ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ተኩሱ እንደ በረዶ ወረደ።

«ተኙ! ወለሉ ላይ ተኙ!» አሉ መምህሩ። እሳቸውም ጠመኔውን እንደያዙ ሰሌዳው ሥር ተንበረከኩ።

ዳግማዊት ከጓደኛዋ ከትርንጎ ጋር በአንድ ዴስክ ሥር ተጣበቀች። የትርንጎ ልብ በጀርባዋ በኩል ሲመታ ይሰማታል። አንዲት ልጅ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ አፏን በነጠላዋ አፍና ታለቅሳለች። ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ የሚያውቅ አልነበረም። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ርቆ የሚተኮሰውም በላያቸው ላይ የሚተኮስ ይመስላል።

ተኩሱ ጋብ ብሎ ሲነሡ የዳግማዊት ቀኝ እጅ አልፈታ አለ። እስክሪብቶዋን ጨብጦ ቀርቷል። ክፈችው ሲሏት አልከፈት አላት፤ ትርንጎ ናት ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በኃይል ሲዘጋ፣ ሞተር ብስክሌት ሲያጓራ፣ ከጎረቤት ትሪ ሲወድቅ ያ እጅ ይጨመደዳል። በዚህ እጅ ነበር የመልቀቂያ ፈተናውን የምትጽፈው።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ተከፈተ፤ እንደገና ተዘጋ። ሁለቱ ልጆች የተከራዩት ወይዘሮ ባንችይርጋ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። ወይዘሮ ባንችይርጋ በደጉ ጊዜ ለቱሪስት የአንገት ሐብልና መስቀል ይሸጡ የነበሩ ሴት ናቸው። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ሱቃቸውን ቆልፈው ግቢያቸው ውስጥ ጎመን ያለማሉ። ልጆቹ ሲያጠኑ ከደጅ ሆነው፣ «ድምፃችሁን ቀንሱ፤ ሰው ያለበት ቤት አይምሰል» ይሏቸዋል። እነሱም የፊዚክስ ቀመር በሹክሹክታ ይሸመድዳሉ።

ዳግማዊት ለምን እንዲህ እንደምትለፋ የሚያውቁ ያውቃሉ። ልጅቷ አዋላጅ መሆን ነበር የምትፈልገው። ምክንያትም ነበራት። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እናቷ አሰለች የመጨረሻውን ልጅ ስታምጥ መንገድ ተዘግቶ፣ አምቡላንስ የለም ተብሎ፣ የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። እዚያ የነበረችው አንዲት አዋላጅ ብቻ ነበረች፤ ማኅሌት የምትባል፣ ቀጭን፣ ቀልድ የምትወድ ሴት። ሕፃኑ ጠቁሮ ወጣ። አላለቀሰም። ማኅሌት አፉን ጠረገችለት፣ ጀርባውን በጨርቅ አሸችው፤ በር ላይ ቆማ የቀረችውን ዳግማዊትን ደግሞ፣ «ነይ እንጂ! ምን ትገተሪያለሽ? እግሩን ያዢልኝ፣ እንዲህ እሺው» ብላ ጠራቻት። ዳግማዊት ያን ጥቁር እግር በመዳፏ ይዛ ስታሽ ስታሽ፣ ሕፃኑ እንደ ድመት ግልገል ሲጥ አለ። ዛሬ ያ ልጅ ጥጃ የሚያባርር ልጅ ሆኗል። እሷም ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሥራ ተመኝታ አታውቅም።

ሰኔ ሲገባ ወሬው በረታ። «ለፈተና የሚሄደውን ታጣቂዎች መንገድ ላይ ይጠብቁታል» ይላል አንዱ። «ያልተፈተነ ዓመቱ ይቃጠልበታል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም» ይላል ሌላው። ማን እንዳለው አይታወቅም። ገበያ ላይ ይሰማል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ይሰማል፣ ማታ ትራሷ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ፈተናው የሚሰጠው ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነበር። ከላሊበላ ወደ ጋሸና ወጥቶ፣ ከጋሸና ወደ ወልድያ መውረድ ያስፈልጋል። በሰላም ጊዜ ያልተወራለት መንገድ ነው። በዚያ ዓመት ግን ስሙ ሲጠራ እናቶች ያማትቡ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አባቷ ከፋለ በቅሎውን እየሳበ ግቢው ውስጥ ገባ። ከፋለ የእድሜውን ግማሽ ፈረንጅ በበቅሎ እያፈናጠጠ ወደ አሸተን ማርያም ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። አሁን በቅሎዋ ገብስ ነው የምትጫነው።

«ዕቃሽን ሰብስቢ» አለ፣ ሳይቀመጥ።

«አባዬ፣ ፈተናው እኮ ደርሷል።»

«እሱን ነው የምልሽ። ሳይደርስ እንሂድ።»

«ዓመቱን ሙሉ ያጠናሁት…»

«ልጄ» አለ ከፋለ። «አሸተን ላይ ፈረንጅ ተንሸራቶ ገደል አፋፍ ላይ ሲንጠለጠል በእጄ ይዤ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ አልፈራሁም። አሁን ግን የአንቺ ስም ሲጠራ እፈራለሁ። ወረቀት ይቅርብኝ። ልጅ ትቅርልኝ።»

ወይዘሮ ባንችይርጋ ከጎመኑ መሀል ቀና ብለው፣ «እውነቱን ነው ልጄ፤ አባት ሲለምን እንቢ አይባልም» አሉ። ዳግማዊት ዕቃዋን ሰበሰበች። ትርንጎን አቅፋ ተሰናበተቻት። ትርንጎ መንግሥት ባዘጋጀው አውቶቡስ፣ በወታደር አጀብ ከሚሄዱት ተማሪዎች ጋር ተመዝግባ ነበር። ለዳግማዊት ያ አጀብ ከምንም በላይ ያስፈራት ነበር። መኪናውን ከሩቅ የሚያይ ሁሉ ማንን እንደያዘ ያውቃል።

እቤት ስትደርስ እናቷ ከብቶቹን አስገባች፣ ራት አቀረበች፣ ትንሹን ልጅ አስተኛች። ጠዋት ላይ ግን፣ ከፋለ በቅሎውን ሊጭን ሲል መንገዱ ላይ ቆመችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ልጅ እቤት አስቀምጠህ ምን ልታደርጋት ነው?»

«በሕይወት ትኑርልኝ።»

«እኔም በሕይወት አለሁ። እናቴ ክፉ ቀን ነው ብላ ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ። ክፉው ቀን አለፈ፤ እኔ ግን እንደቀረሁ ቀረሁ። ስሜን የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነው። ክፉ ቀን የማይመጣበት ዓመት አይቼም አላውቅ።»

«ቢገድሉብኝስ?»

የአሰለች ዓይን እንባ ሞላ፤ ከመንገዱ ግን አልተነሣችም። ከፋለ ገመዱን ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው ከአጀቡ ጋር አትሄድም። ከአባ ጋር ትሂድ» አለ።

አባ ወልደ ሰንበት የቤተሰቡ የነፍስ አባት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖባቸው፣ ሰውን በድምፁ የሚለዩ ሽማግሌ ቄስ። ወልድያ ሄደው ሊታከሙ ከፋሲካ ጀምሮ መንገድ ይጠብቁ ነበር። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ ዳግማዊት የልጅ ልጃቸው ትመስላለች፤ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ለሕክምና ይዛ ትሄዳለች። የደንብ ልብስ፣ መጽሐፍ፣ ደብተር አይያዝም። የመፈተኛ ካርዷን አሰለች በልጇ ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ ሰፋችው። ዳግማዊት የምትለውን መንገድ ሙሉ ደጋገመችው፦ አያቴ ናቸው፤ ዓይናቸውን ላሳክም ነው።

ከላሊበላ በሚኒባስ ተነሡ። ጭጋጉ ከብዶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ መኪናው ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀብሮ ተቀምጧል። ረዳቱ እንኳ ሒሳብ ሲሰበስብ በምልክት ነው። ጋሸና ላይ ለወትሮው የጭነት መኪና ተደርድሮ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ «ግቡ ግቡ» የሚልበት መገንጠያ ጭር ብሏል። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ አንድ ሰው ጠየቀ፤ ሰውየው እጁን ወደ ምሥራቅ ዘርግቶ ትከሻውን ነቀነቀ። «ይሂድ አይሂድ አልታወቀም» ማለት ነበር። ሾፌሩ አማተበና ሄደ።

ከጋሸና ትንሽ እንደራቁ፣ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ አገኙ።

ከጭጋጉ ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ወጡ። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። አንደኛው በሩን ከፍቶ ጠመንጃውን እንዳነገተ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ተመለከተ። ዳግማዊት ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«አንቺ ወዴት ነሽ?»

«አያቴን ላሳክም ነው። ዓይናቸውን።» ቃሉ ወጣላት፤ ድምፁ ግን የእሷ አይመስልም። እጇ ጭኗ ላይ ተጨማዶ ድንጋይ ሆኗል።

«ተማሪ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

ወጣቱ ወደ አባ ዞረ። አክብሮት በድምፁ ገባ። «አባ፣ ይፍቱኝ። ልጅቷ የምትለው እውነት ነው?»

አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት። ከዚያ ዝም አሉ። ዳግማዊት ያቺን ዝምታ መቼም አትረሳትም። የሚኒባሱ መጥረጊያ መስተዋቱ ላይ ሲሄድ ሲመለስ ይሰማል። በውስጧ «አዎ ይበሉ፣ አዎ ይበሉ» ትላለች።

«ለሕክምና የምሄደው እኔ ነኝ» አሉ አባ። «እሷ ፈተና አለባት።»

መኪናው ውስጥ አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች። ዳግማዊት በዚያች ደቂቃ የነፍስ አባቷን ጠላቻቸው።

«ውረዱ» አለ ወጣቱ።

ሁለቱ ወረዱ። ሾፌሩ እያመነታ ቆመ፤ «ሂድ!» ተባለ፤ ሄደ። የሚኒባሱ ቀይ መብራት ጭጋጉ ውስጥ ሲጠፋ ዳግማዊት ዓለም ሁሉ ጥሏት የሄደ መሰላት። መንገድ ዳር፣ ጣራው የተገፈፈ አንድ ሱቅ ግድግዳ ሥር አስቀመጧቸው። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። አንደኛው ታጣቂ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ዳቦ ቆርሶ ሰጣት። ተቀበለችው እንጂ መዋጥ አልቻለችም።

«ማትስ ከበደሽ?» አላት፤ እንደ ክፍል ጓደኛ።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እኔንም ይከብደኝ ነበር» አለና ጠመንጃውን ከጉልበቱ ወደ ጉልበቱ አዛወረ። ከጥያቄው ይልቅ ይህ ነው ያስፈራት። ነገሩ ከተበላሸ የሚተኩሰው ይኸው ልጅ ነው።

አለቃ የሚመስል፣ ጋቢ የደረበ ጎልማሳ መጣ። አባን ጉልበታቸውን ስሞ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አባ፣ ለምን አልዋሹም? ልጅቷን እኮ ለአደጋ አጋልጠው ሰጧት።»

«ብዋሽና ብትደርሱበትስ?» አሉ አባ። «ያን ጊዜ ወንጀለኛ ሆና ትያዛለች። አሁን ግን ያው ተማሪ ናት። መማር ምን ነውር አለበትና ነው የምደብቃት? ጥፋት ነው የምትለኝ ከሆነ እዚሁ ንገረኝ፤ እኔም ለአባቷ ልንገር።»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «እኔም ልጆች አሉኝ አባ። ጥፋት ነው አልልም። ግን ለመንግሥት ፈተና የሚሄድ እንዳያልፍ ትእዛዝ አለ። መንገዱም ዛሬ ክፉ ነው። ሳይመሽ ተመለሱ። ወደፊት ከሄዳችሁ የሚደርስባችሁን እኔ አላውቅም።»

ገና ቃሉን ሳይጨርስ ከጉብታው ማዶ ከባድ ነገር ፈነዳ።

ሁሉም በየአቅጣጫው ተበተነ። ዳግማዊት መሬቱ ላይ ተደፋች፤ ፊቷ ጭቃ ነክቷል፤ እጇ ተጨብጦ ቀርቷል። ከዚያ የአባን ድምፅ ሰማች። «ዳግማዊት! የት አለሽ ልጄ? አላይም!» ሽማግሌው መንገዱ መሀል ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ይዳስሳሉ። ጥይት በላያቸው እያፏጨ ያልፋል።

በኋላ እንዴት እንደተነሣች ሲጠይቋት ማስታወስ አትችልም። ብቻ አባን በክንዳቸው ይዛ ስትሮጥ ራሷን አገኘችው። «ድንጋይ ነው፤ እግርዎን ያንሡ! ቦይ አለ፤ ይዝለሉ!» እያለች፣ ጮክ ብላ እያዘዘቻቸው። የነፍስ አባቷን እንዲህ ማዘዟ ሌላ ጊዜ ቢሆን ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ የሚያሰኝ ነበር። የያዘችው የአባ እጅ በእጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «ፈርተዋል እንዴ አባ?» አለች፣ ሳታስበው።

«እጅግ!» አሉ ሽማግሌው እያለከለኩ። «ሩጪ ብቻ።»

ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ካለ አንድ ቤት በር ላይ አንዲት ሴት እጇን ታወዛውዛለች። «ወዲህ! ወዲህ! ቶሎ!» ገቡ። ሴትዮዋ ዘሀራ ትባላለች፤ ለሾፌሮች ሻይና ዳቦ ትሸጥ የነበረች ባለቤቷ የሞተባት ሴት። በሩን በእህል ጆንያ ደገፈችና ሁለቱን ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር፣ ከአልጋው በስተኋላ አስቀመጠቻቸው።

«አብሽሪ፣ የኔ ልጅ። ይቺ ግድግዳ ወፍራም ናት። ከዚህም በላይ አይታለች።»

ዳግማዊት ግን አላመነችም። ግድግዳው በተነቃነቀ ቁጥር አቧራ ከጣራው ይረግፋል። አባ ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ፤ ዘሀራ በሌላው ጥግ ዱዓ ታደርጋለች። ዳግማዊት ጸሎት ጠፍቶባት፣ አፏ ላይ የመጣላት የሸመደደችው የባዮሎጂ ትምህርት ነበር። «ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ሳንባ…» ስትል አባ «ምንድን ነው እሱ?» አሏት። «ትምህርት ነው» አለች እያለቀሰች። «በይ እሱንም በዪ» አሏት።

ተኩሱ ሲመሽ ቆመ፤ መንገዱ ግን አልተከፈተም። ከዘሀራ ቤት መውጣት ሳይችሉ ሰነበቱ። ዘሀራ ያላትን ሽሮ ለሦስት አካፈለች፤ አባ ይጾማሉና ለእሳቸው ቅቤ ሳታስነካ ለብቻ ትሠራላቸው ነበር። ኔትዎርክ ለአፍታ ብልጭ ባለ ጊዜ የትርንጎ መልእክት ገባ፦ «ደርሰናል። መንገድ ላይ ምንም አልገጠመንም። ነገ ስልክ ይቀበሉናል። የት ነሽ? ዳግሜ የት ነሽ?» ያ መልእክት የተላከው ከሁለት ቀን በፊት ነበር። ዳግማዊት ደግማ ደጋግማ አነበበችው። ፈርታ የሸሸችው አጀብ በሰላም ገብቷል። እሷን ያዳናታል የተባለው መንገድ ነው የበላት። ትርንጎ በዚያች ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ እየተፈተነች ነው።

መንገዱ ሲከፈት ወደ ኋላ ተመለሱ። አባም ሳይታከሙ ቀሩ። መኪናው ውስጥ ዳግማዊት እስከ ላሊበላ አልተናገረቻቸውም። ሊለያዩ ሲሉ አባ፣ «አዝነሽብኛል» አሉ።

«ቢዋሹልኝ ኖሮ አልፌ ነበር።»

«ይሆናል» አሉ። «ከሚኒባሱ ጋር ብታልፊ ኖሮ ደግሞ ፍንዳታው የት ላይ እንደሚያገኝሽ አላውቅም። ትክክል ነበርኩ አልልሽም። መዋሸት አልቻልኩም፤ ያ ብቻ ነው።» ዳግማዊት መስቀላቸውን ተሳለመች። ይቅር ያለቻቸው ግን ያን ቀን አልነበረም።

ከፋለ ልጁን ሲያያት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ፈተናው ማለፉ ውስጡን ደስ አሰኝቶት ነበር፤ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ምግብ እንቢ ስትል ግን ደስታው አሳፈረው። ነሐሴን ሙሉ እቤት ዋለች። በረዶ ጣራውን ሲመታ አልጋ ሥር ትገባለች። ትንሹ ወንድሟ ጨዋታ መስሎት አብሯት ይገባና፣ «ማን ነው የሚፈልገን?» ይላታል።

ክረምቱ ወጥቶ፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲቃረብ፣ በፀጥታ ምክንያት ፈተና ላመለጣቸው ሌላ ዙር እንደሚሰጥ ተነገረ። ወሬውን ያመጣው ከፋለ ራሱ ነው፤ ከብልባላ ገበያ። ሊደብቀው ይችል ነበር። በቅሎውን አስሮ፣ እጁን ታጥቦ፣ እራት ላይ ነው የነገራት።

«ምን ታስቢያለሽ?» አላት።

«እፈራለሁ» አለች።

«እኔም እፈራለሁ።»

«ከአጀቡ ጋር ነው የምሄደው አባዬ።»

አሰለች ወደ ከፋለ አላየችም፤ ወጡን ብቻ ጨመረችለት። «ላሊበላ ድረስ እኔ አደርስሻለሁ» አለ ከፋለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ዳግማዊት መስኮት ዳር አልተቀመጠችም። ከፊትና ከኋላ የወታደር መኪና አለ። ያ ድንጋይ የተደረደረበት ቦታ ሲቀርብ ጆሮዋ ሌላ ነገር መስማት አቆመ፤ የራሷን ትንፋሽ ብቻ ነው የምትሰማው። ጣራ የሌለውን ሱቅ አየችው። የዘሀራ በር ተዘግቷል፤ ሴትዮዋ በሕይወት መኖሯን አላወቀችም። ከጎኗ የተቀመጠ የማታውቀው ልጅ ሸሚዙን በአፉ ነክሷል። ማንም አልዘፈነም። ወልድያ ሲገቡ አንዲት ልጅ መሳቅ ጀመረችና መቆም አቃታት፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሲለወጥ አቅፈው አወረዷት።

የሒሳብ ፈተና ላይ ነው የፈራችው የደረሰው። ከአዳራሹ ውጭ የሆነ ሰው የብረት በር ለቀቀው፤ ጓ! አለ። ፈታኞቹ ዞረው እንኳ አላዩም። ከላስታ የመጡት ተማሪዎች ግን በሙሉ አንገታቸውን ሰበሩ። የዳግማዊት እጅ እርሳሱን ጨብጦ ደረቀ። መልስ መስጫው ላይ ያልጠቆሩት ክቦች ተደርድረው ያዩአታል። ሰዓቱ ይሄዳል። ፈታኟ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ መጥታ «ምን ሆንሽ?» አለቻት። እጇን አሳየቻት። ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና ከደንቡ ውጭ ነው ሳትል እጇን በሁለት እጇ ይዛ ጥቂት ቆመች። ጣቶቿ ሲላሉ ለቃት ሄደች። ዳግማዊት የቀሩትን ጥያቄዎች በግራ እጇ ቀኝዋን ደግፋ አጠቆረች። ሳትጨርስ ግን ሰዓቱ አለቀ።

ውጤቱ ሲመጣ አላለፈችም። ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ትርንጎም በመጀመሪያው ዙር ወድቃ፣ ላሊበላ ውስጥ ወይዘሮ ባንችይርጋ ደጅ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት መሸጥ ጀምራለች። የዳግማዊት ነጥብ ግን የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያል የሚሉት ውስጥ አስገባት። ይህም ማለት አንድ ዓመት ተምሮ፣ እንደገና ተፈትኖ፣ ከዚያ በኋላ ነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆን የሚቻለው። ዜናው ሲደርስ አሰለች እልል አለች። ከፋለ «ገና ነው እኮ» አላት። «ገናም ቢሆን እልል ይባላል» አለች።

ከመሄዷ በፊት አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄዳ ንስሐ ገባች፤ የጠላቻቸውን ጥላቻ ለራሳቸው ለአባ ተናዘዘች። ሽማግሌው ሳቁ። «ይህን ያህል ጊዜ ይዘሽው ከረምሽ? እኔ እንኳ የመንገዱን ጭቃ ረስቼዋለሁ» አሏት። ቀጥለው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አልረሳሁትም። እኔም ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ» አሉ።

አሁን ዳግማዊት ከላስታ ርቆ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርቷን ትማራለች። ከተማው ሰላም ነው። ልጆች ማታ ማታ ኳስ ያያሉ፣ ሙዚቃ ከፍተው ይጨፍራሉ። ኬሚስትሪው ከብዷታል፤ ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ቀድማ ትገባለች። ለራሷ የምትፈራበት ምክንያት ብዙም የለም። ፍርሃቱ ግን ከእሷ ላይ ተነሥቶ ቤቷ ላይ ዐረፈ። ስለ ላስታ አንድ ወሬ ከሰማች ቀኑን ሙሉ ስልክ ትሞክራለች፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ይላታል።

እሑድ እሑድ አሰለች ከቅዳሴ ስትመለስ ኔትዎርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ትወጣለች። ባለፈው እሑድ አርፍዳ ነበር የደወለችው። ዳግማዊት ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ዶርሙ በር ላይ እየተመላለሰች ጠብቃታለች።

«እማዬ! ለምን ዘገየሽ? ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም። ዝናብ ይዞኝ ነው።»

«ተኩስ አለ?»

ከአሰለች በስተኋላ ነፋስ ይሰማል፤ የሆነ ሰው ከሩቅ ይጣራል።

«ዛሬ ደህና ነው» አለች። «አባትሽ ሰላም ብሎሻል። አንቺ ትምህርትሽን ያዢ።»

እውነቷን ይሁን ዋሽታት ይሁን ዳግማዊት መለየት አልቻለችም። ሌላ ልትጠይቃት ስትል መስመሩ ተቋረጠ።